ጃፓን ያየው የኪሮስ ኮት

ጃፓን ሩቅ ናት ብዬ ነበር። አሁን ይህን ለማንም ብናገር ይስቅብኛል፤ ስልክ በኪሱ ለያዘ ሰው ሩቅ የሚባል አገር እንደሌለ የማያውቅ የለም። እኔ ግን መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ መጋረጃና አንሶላ እየሸጥኩ የምኖር የወሎ ሰው ነኝ። ለእኔ ሩቅ ማለት ዘመድ የማይኖርበት፣ አውቶቡስ የማይደርስበት፣ ወሬ የማይመለስበት ቦታ ነው። ጃፓን ሦስቱንም ታሟላለች። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ትንፍሽ የማይባለውን ነገር በሦስት መስመር ጠቅልዬ ወደዚያ ብወረውረው ማን ይሰማዋል አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉት ተረት ለእኔ የተተረተ አልመሰለኝም ነበር።

ስሜ ሰዒድ ነው። መቀሌ የመጣሁት ለአንድ ክረምት ብዬ ነው፤ ያ ክረምት እስከ ዛሬ አላለቀም። የምኖረው አደይ ለተኪዳን ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ እኔም እንደ ልጆቻቸው አደይ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ደሴ እየተመላለሱ ጨርቅ ይነግዱ ስለነበር አማርኛቸው ወሎ ወሎ ይላል፤ ወደ ትግርኛ የሚገቡት ሲቆጡና ሲያዝኑ ብቻ ነው። ግቢውን እየጠረጉ "አንተ ሰዒድ፣ አፍህ ማር ነው፤ እጅህ ግን መጥረጊያ አያውቅም" ይሉኛል። በረመዳን ለስሑር በሬን አንኳኩተው የሚቀሰቅሱኝ እሳቸው ናቸው። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቋ ትርሓስ፣ ትንሹ ኪሮስ።

ኪሮስ ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ቆየና አንድ ቀን "ጅቡቲ ሥራ አግኝቻለሁ" ብሎ ሄደ። ጅቡቲ እንዳልቀረ፣ በየመን በኩል ባሕር ሊሻገር እንደሆነ፣ ከእናቱ በቀር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የተመረቀበትን ጥቁር ኮት ትቶት ሄደ። አደይ ለተኪዳን ያን ኮት ብል እንዳይበላው እያሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቁም ሳጥን ያወጡታል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉትና ግቢው መሃል ባለው ገመድ ላይ ያሰጡታል።

"ሲመጣ ለሰርጉ ይለብሰዋል" ይሉኛል።

መርዶው የመጣው ጎረቤታችን ምሕረት ዘንድ ነው። ምሕረት ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ሱቅ ያላት፣ ድምፅዋ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሴት ናት። ከኪሮስ ጋር የተሳፈረ አንድ ልጅ ከየመን ደወለላት። ጀልባው ተገልብጧል፤ ኪሮስ አልወጣም። ይህን ስትነግረኝ ክፍሌን ዘግታ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወትፋ ነበር፤ ድምፅዋን ስለማታምነው።

ችግሩ፣ በዚያው ሰሞን ትርሓስ ሴት ልጅ ወልዳ እናቷ ቤት ተኝታለች። አራስ ቤት ደግሞ መርዶ አይገባም። ይህ ወሎም መቀሌም አንድ ነው፤ የአራሷ ወተት ይደርቃል፣ ሕፃኗ ትጎዳለች ይባላል። መርዶ ራሱ በመንገድ የሚጣል ነገር አይደለም። የቅርብ ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ደጅ ይቆማል፣ እናትየዋ ስትወድቅ ከግራ ከቀኝ የሚይዛት ሰው ይመደባል። የአደይ ለተኪዳን ወንድም ከአጽቢ ተጠየቁና "ሕፃኗ ክርስትና ትነሣ፤ ከዚያ እኔው መጥቼ እነግራታለሁ" አሉ። ሰፈሩ ተስማማ። ሁላችንም አፋችንን ለጎምን።

ቅዳሜ መጣ። ኮቱ ወጣ።

"ሰዒድ፣ እስቲ ይቺን እጅጌ ያዝልኝ" አሉኝ።

ያዝኩላቸው። እሳቸው ትከሻውን እያስተካከሉ ያዜማሉ፣ እኔ የሞተ ሰው እጅጌ ይዤ ቆሜአለሁ። ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁና የማልናገረውን ነገር ጻፍኩት።

ገመዱ ላይ
እናት አሰጣች
የሟች ኮት

ሃይኩ ይባላል። የጃፓን ግጥም ነው፤ ሦስት መስመር፣ አምስት ሰባት አምስት። እኛ በአማርኛ ስንጽፈው ፊደሉን እንቆጥራለን። እኔ የመንዙማ አገር ልጅ ነኝ፤ ግጥም መጀመር እንጂ ማቆም የማናውቅ ሰዎች ነን። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ይህ ቶሎ አፉን የሚዘጋ ግጥም የማረከኝ። ጃፓን የምትኖር ትዕግሥት የምትባል ኢትዮጵያዊት የከፈተችው የቴሌግራም ቡድን አለ፤ ጥቂት ሰዎች ነን፤ ከመቀሌ እኔ ብቻ። ግጥሙን እዚያ ለጠፍኩት። ትዕግሥት ወዲያው ጻፈችልኝ። "ሰዒድ፣ ይህን ተርጉሜ እዚህ ለሚደረገው ዓለም አቀፍ የሃይኩ ጉባኤ ልላከው?" አለችኝ። ጃፓን ሩቅ ናት። ላኪው አልኳት።

ተመረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወከባ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? መጀመሪያ አንድ ድረ ገጽ "ከመቀሌ ገበያ ወደ ጃፓን" ብሎ ፎቶዬን ከአንሶላዎቼ ጋር አወጣው። ቀጥሎ ሬዲዮ ደወለ፣ ቀጥሎ ሌላ ሬዲዮ። "በአሥራ ሰባት ፊደል ጃፓን ሲደርሱ ምን ተሰማዎት?" ይሉኛል፤ ግጥሙ ስለ ምን እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም። አንብብልን ሲሉኝ ስለ ዝናብ የጻፍኩትን ሌላ ግጥም አነበብኩላቸው። ማንም አልነቃብኝም። ተመስገን፣ አመለጥኩ ብዬ እፎይ አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ።

አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ አደይ ለተኪዳን ግቢው መሃል ከአንድ ባለ መነፅር ጎልማሳ ጋር ተቀምጠዋል። ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

"ና ወደይ!" አሉኝ፤ ወደይ ልጄ ማለት ነው። "ለካ ስለ ኪሮስ ኮት ነው የጻፍከው! ለምን ደበቅከኝ?"

ግድግዳውን ያዝኩ።

ሰውዬው ተነሥቶ ጨበጠኝ። ዳንኤል ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። ጉባኤውን የሚከታተል የጃፓን ቴሌቪዥን፣ መምጣት ካልቻሉት ገጣሚዎች የተወሰኑትን በቀጥታ ሥርጭት ሊያስገባ ፈልጎ የእነ ዳንኤልን ጣቢያ ጠይቋል። ግጥሙ የተጻፈበት ቦታ ይታይ ብለዋል። ገመዱ ይታይ። ዳንኤል ግጥሙን ራሱን ገና አላየውም፤ ጃፓኖቹ የላኩለት "እናት፣ የልብስ ገመድ፣ ኮት" የሚል መግለጫ ብቻ ነው። ለአደይም የነገራቸው ይህንኑ ነው።

"ነገ ጠዋት ነው" አለኝ። "እናታችን ፈቅደዋል።"

"ሱቄ ይሻላል" አልኩ። "ብርሃን አለው። ወይ ወደ ቃላሚኖ ወጣ ብለን፣ ሜዳ ላይ..."

"ገመዱ የታለ እዚያ?"

"ገመድ እኔ እወጥራለሁ።"

አደይ ለተኪዳን ሳቁ። "ጃፓን ድረስ ልታታልል ነው? እኔ ቤት ነው። ገበያው ሁሉ ሰምቷል፤ አሁን እንዳታሳፍረኝ።"

ለዳንኤል ለምን አልነገርኩትም ትሉ ይሆናል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዓይኑን አየሁት። ጋዜጠኛ ነው፤ እናት የማታውቀው የልጅ ሞት ከግጥሜ የበለጠ ወሬ ነው። ጥዬ ልጥፋም አልኩ። ብጠፋ አደይ ለምን ብለው ይጠይቃሉ፤ መጠየቅ ከጀመሩ ደግሞ አያቆሙም። ለትዕግሥት ጻፍኩላት፦ "የመጨረሻው መስመር ይቀየር፤ የሟች የሚለው ይውጣ፤ ነፍስ ያለበት ነገር ነው።" ከዚያ ደወልኩላት፤ አይነሣም። መልእክቴ ሳይነበብ አደረ። ለካ ጉባኤው ያለበት ከተማ ለመድረስ ስትባክን፣ አዳራሽ ስታዘጋጅ ነበር።

ወደ ምሕረት ሱቅ ሮጥኩና ሁሉንም ነገርኳት።

"እንታይ ጌርካ!" አለችኝ በትግርኛ፣ ምን አደረግክ። ቀጥላ በእጇ አፏን ያዘች። "ሰፈር ሙሉ አፉን ዘግቶ አንተ ለጃፓን ትናገራለህ?"

"ሩቅ ነው ብዬ..."

"ስቕ በል!" ዝም በል ማለቷ ነው። "ነገ ጠዋት ከቤት አወጣታለሁ። ሰሜን ክፍለ ከተማ ያለችው እህቷ አሟታል ብዬ እወስዳታለሁ።"

ጠዋት ምሕረት መጣች። እኔ በሬ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

"እህትሽ አሟታል፣ እንሂድ" አለች።

"ደውዬላታለሁ፣ ደኅና ናት። ይልቅ እሷም ወደዚህ እየመጣች ነው" አሉ አደይ። "የልጄን ኮት ዓለም ሊያየው እኔ የት ነው የምሄደው?"

ነጭ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። ኮቱን ራሳቸው አወጡት፤ ጠረጉት፣ አሰጡት፣ ወደኋላ ሄደው አዩት፣ ተመልሰው አንገትጌውን አስተካከሉት። ከዳንኤል ጋር የመጣው ካሜራ ያዥ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሌንሱን ወደ ኮቱ አዞረ።

ጎረቤቱ እየገባ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሁሉም ያውቃል። ማናቸውም ኮቱን ቀና ብለው አያዩትም፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። የአራሷ ክፍል መስኮት ተከፍቷል፤ ትርሓስ ሕፃኗን ታቅፋ ከመጋረጃው ኋላ ታያለች። መጋረጃውን የሸጥኩላት እኔ ነኝ፤ ስስ ነው፣ ድምፅም ብርሃንም ያሳልፋል።

በሁለት ወንበር መሃል ላፕቶፕና ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተተከለ። እኔ በአንዱ ወንበር፣ አደይ ለተኪዳን በሌላው። ዳንኤል ሸሚዜ ላይ ማይክ ሰካልኝ፤ ሽቦው ከወገቤ ዞሮ ከመሣሪያው ጋር ታስሯል። በሩ ከካሜራው ኋላ ነው። ብነሣ ሽቦው ይይዘኛል፤ ብናገር ማይኩ ይይዘኛል። አንድ ተስፋ ብቻ ነበረኝ፤ ግጥሙን ሳነብ "የሟች ኮት" የሚለውን "የልጇ ኮት" እለዋለሁ። እሱም አምስት ፊደል ነው። አማርኛ የሚሰማ ጃፓናዊ የለም፤ ትዕግሥት ብትሰማም ትዝብት ነው፣ ትዝብት አይገድልም።

ስክሪኑ ላይ አዳራሽ ታየ። ጸጉራቸው የነጣ አንድ አዛውንት፣ ከኋላቸው ብዙ ሰው፤ በጎን በኩል ትዕግሥት ማይክ ይዛ።

"ሰዒድ፣ ትሰማኛለህ?" ድምፅዋ ግቢውን ሞላው።

"እሰማለሁ። ትዕግሥት፣ መልእክቴን..."

"ቀጥታ ገብተናል" አለች በፈገግታ። "ሥርዓቱን ልንገርህ። እዚህ ግጥም ሁለት ጊዜ ይነበባል። መጀመሪያ እኔ በአማርኛና በጃፓንኛ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ አነባለሁ። ከዚያ አንተ ታነባለህ።"

ጆሮዬ ጭው አለ። እሷ ታነባለች። ያውም በድምፅ ማጉያ። ዳንኤልን አየሁት፤ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አሳየኝ። ምሕረትን አየኋት፤ እሷም የሰማችውን ሰምታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አደይ ለተኪዳን እጄን ያዙኝ።

"ኣጆኻ" አሉኝ፤ አይዞህ ማለታቸው ነው። "አትፍራ ወደይ።"

እጄ እጃቸው ውስጥ ነበር። ያ እጅ የት አባቱ ይግባ? ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። ተነሥቼ መሣሪያውን ልምታው? ሽቦውን ልበጥሰው? ሳስበው ሳስበው ትዕግሥት ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ገመዱ ላይ" አለች። ቆም አለች። "እናት አሰጣች..."

"እልልልልልልል!"

ምሕረት ናት። ያ ከመንገድ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማው ድምፅ ተለቀቀ። የተከተለው መስመር የት እንደገባ አላውቅም። አጠገቧ ያለችው ሴት ገባት፤ እልል አለች። ሦስተኛዋም፣ አራተኛዋም። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ እልል አለ፤ ወንዶቹ ያጨበጭባሉ። ስክሪኑ ውስጥ አዳራሹ ፈገግ አለ። ትዕግሥትም ሳቀች፤ የደስታ መስሏታል፤ ጃፓንኛውን አነበበችና እንደገና በአማርኛ ጀመረች። እንደገና እልልታው አፈነው።

በዚህ ጊዜ አደይ ለተኪዳን እጄን ለቀው ተነሡ። ጎረቤቱ ለልጃቸው ኮት ሲደሰት እሳቸው ዝም ይበሉ? አንገታቸውን ቀና አድርገው እልል አሉ። በልጃቸው መርዶ ላይ እልል አሉ። ምሕረት ይህን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እልልታዋ ግን አልቆመም። እንባዋና ድምፅዋ አብረው ይወርዳሉ።

ተራዬ ደረሰ። ግቢው ጸጥ አለ።

"ገመዱ ላይ፣ እናት አሰጣች፣ የልጇ ኮት።"

ትዕግሥት ወረቀቷን አየች። "ሰዒድ፣ የመጨረሻው መስመር..."

"ተቀይሯል" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ትክክለኛው አሁን ያነበብኩት ነው። እባክሽ።"

አዛውንቱ በጃፓንኛ ጠየቋት። እሷም ወደ እኔ ዞራ ተረጎመች። "ኮቱ የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ።"

አፌን ስከፍት አደይ ቀደሙኝ። ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ብለው፣ ጎረቤት እንደሚጠሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። "የልጄ ነው። ኪሮስ ይባላል። ሥራ ሄዶ ነው። ሲመጣ ይለብሰዋል፤ ለሰርጉ።"

ትዕግሥት አልተረጎመችም። አዛውንቱ እንደገና ጠየቋት። ያኔ በቀስታ፣ ጥቂት ቃል በጃፓንኛ ተናገረች። ምን እንዳለች በኋላ ነገረችኝ፤ አደይ ያሉትን ብቻ ነው ያለችው፣ አንድም አልጨመረችም። አዳራሹ ውስጥ ግን ሁሉም "የሟች ኮት" የሚለውን በጃፓንኛ ታትሞ በእጁ ይዟል።

ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ። አዛውንቱ ከወንበራቸው ተነሡ። እጃቸውን ከጭናቸው ጋር አድርገው ከወገባቸው ታጥፈው አንገታቸውን ደፉ፤ ዝቅ እንዳሉ ቆዩ። ከኋላቸው ያለው ሰው ሁሉ ተነሣና አንገቱን ደፋ። ድምፅ የለም። የጸጉራቸው አናት ብቻ ይታያል።

"ምን ሆነው ነው?" አሉኝ አደይ።

"ሰላምታቸው ነው" አልኩ። "እነሱ ሰላም ሲሉ እንዲህ ነው።"

"እዋይ፣ እንዴት ያሉ ጨዋዎች ናቸው!" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው እሳቸውም ጎንበስ አሉላቸው። እስኪቀኑ ድረስ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ።

ሥርጭቱ ሲያልቅ ዳንኤል ማይኩን ሊነቅልልኝ መጣ። ጎበዝ ሰው ነው፤ ከጃፓኖቹ ማጎንበስና ከተቀየረው መስመር ገብቶታል።

"አያውቁም?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አራስ አለች። ክርስትናው እስኪያልፍ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "አለቃዬ ለዛሬ ዜና ይፈልገዋል" አለ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው፤ ከራሱ ጋር ነበር። ያኔ ዝምተኛው ካሜራ ያዥ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ ቀና ሳይል፣ "ድምፁ ተበላሽቷል" አለ። "እልልታው አበላሽቶታል። የሚሆን ነገር የለም።" ዳንኤል አየው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ዜና ላይ ግጥሜ አልቀረበም።

አመለጥን ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ወጥመዱ የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። የጃፓኑ ቪዲዮ በየስልኩ መዞር ጀመረ፤ ሰፈርተኛው አደይ ፊት ስልኩን አያወጣም። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ከሱቅ ስገባ "ሰዒድ፣ ያችን ግጥም በልልኝ" ይሉኛል። ውሸቴን እልላቸዋለሁ። ብዙ ሳይቆዩ በቃላቸው ያዟት። የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ሲያባብሉ፣ እሽሩሩ በማለት ፈንታ "ገመዱ ላይ፣ እናት አሰጣች፣ የልጇ ኮት" ይሏታል። ክፍሌ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ትራሴን ጆሮዬ ላይ እጭናለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ይሰማኛል። ቅዳሜ ሲመጣ እጅጌውን እይዛለሁ። ቤት ልቀይር አሰብኩ፤ ምን ብዬ እለቃለሁ?

ሕፃኗ ክርስትና ተነሣች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወንድማቸው ከሽማግሌዎች ጋር ደጅ ቆሙ። እኔም ከቆሙት አንዱ ነበርኩ። በሩን የከፈቱት አደይ ናቸው። አላለቀሱም መጀመሪያ፤ አንድ በአንድ ፊታችንን አዩ፣ ከዚያ ወደ ገመዱ ዞረው ወደቁ። የተመደቡት ሰዎች ያዟቸው። ያን ቀን ስለሆነው ሌላ አልናገርም።

በሳልስቱ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። አደይ ለተኪዳን ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። ዓይናቸው ሲፈልግ ቆይቶ እኔ ላይ ዐረፈ።

"ሰዒድ።"

"አቤት አደይ።"

"እነዚያ የጃፓን ሰዎች ያውቁ ነበር?"

ምሕረት ከአጠገባቸው ነበረች። ከዚህ በላይ የምዋሸው አቅም አልነበረኝም።

"ያውቁ ነበር።"

"እሞ ሰላምታ አልነበረም።"

"አልነበረም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤቱን ዙሪያውን አዩት፤ ምሕረትን፣ ጎረቤቱን፣ እህታቸውን፣ እኔን። ቁጣ አልነበረበትም ድምፃቸው፤ ቁጣ ቢኖርበት በተሻለኝ።

"ጎረቤቶቼ እልል አላችሁብኝ" አሉ። "ለቅሶ የደረሰኝ ጃፓን ነው።"

ምሕረት ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ራሷን ዳበሱላት። ያን ቃል ከዚያ በኋላ ደግመውት አያውቁም፤ መድገምም አላስፈለጋቸውም።

አንባቢዎቼ፣ ልማዱ ክፉ ነው አልላችሁም። ሕፃኗ ዛሬ ግቢው ውስጥ ትሮጣለች፤ ትርሓስም ጠግባ አጠባች። ሽማግሌዎቹ አልተሳሳቱም። ግን እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጋግሜ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መርዶ የምናቆየው ለሚረዳው ሰው አዝነን ነው ወይስ የሚናገረው አፍ ስለከበደን? ሰው ለገዛ ልጁ የማልቀስ ተራ አለው። ያን ተራ ለስንት ቅዳሜ ነጠቅናቸው? እናንተስ በዚህ ሰዓት ማን ፊት ዝም ብላችኋል? ጋዜጠኞቹ አሁንም አልፎ አልፎ ይደውላሉ፤ ጉባኤው ሌላ ግጥም ይጠብቃል ይሉኛል። እስካሁን አልላክሁም።

የላክሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የአደይ ለተኪዳን ቃል እንቅልፍ ስለነሣኝ ሐይቅ ለሚኖረው ወንድሜ ደወልኩለት። ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋው ጊዜ ወዲህ ቤተሰቦቼን የማገኘው በእሱ ስልክ ነው።

"ስማኝ ወንድምዬ" አልኩት። "ሩቅ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ይደነግጣል ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ከእኛ ሰው አንድ ነገር ቢሆን በዚያው ቀን ንገረኝ። ማልልኝ።"

መስመሩ አልተቋረጠም፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "ወላሂ እነግርሃለሁ። ለመሆኑ ለዒድ አትመጣም? መጥተህ ብንጫወት ይሻላል።"

ስልኩን ዘጋሁና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የቤተሰቦቼን ስም አንድ በአንድ መጥራት ጀመርኩ፤ ድምፁን ከሰማሁ የቆየሁት የማንን ነው እያልኩ።